ሃያ ሁለት ኪሎ ዝምታ

ከግራዝ የምንወጣው ገና ጎህ ሳይቀድ፣
አንሶላ ጭነን ነው ሽቅብ የምንሄድ፤
ተራራ ላይ ላሉት ለስኪ ሆቴሎች፣
የታጠበ፣ የተተኮሰ፣ አርባ ሦስት ጆንያዎች።

ቫኗ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፤
በሯ ይንቋቋል፣ ወለሏ ያጓራል፣
ሰማንያ ስንገባ መስታወቷ ያፏጫል፤
ከመቶ በላይማ ማን ደፍሮ ሞክሯል?

ዝላትኮ ከቀኜ ተቀምጦ ያወራል።
አፉ ሲከፈት አያለሁ፤ እጁ ይወራጫል።
እኔ መሪ ይዤ አንገቴን እነቀንቃለሁ፣
ሲስቅ እስቃለሁ፣
ሲያዝን፣ ከንፈሬን መጥጬ «እሺ» እላለሁ።
ስምንት ዓመት ነዳን፣ በብርሃን በጨለማ፣
አንድም ቀን ሳንጣላ፣ አንድም ቀን ሳንሰማማ።

ባለፈው መጸው ግን፣ ሌሊት ስጋደም፣
ጆሮዬ ውስጥ ሞተር ይነሳል፤ ቁልፍ የለው፣ አይጠፋም።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ?
ባዳው ሻንጣውን ይዞ መጥቶ ከትራሴ ሥር አለ።

ቅዳሜ፣ ከሙር ወንዝ ማዶ፣ የሄድቪግን ጋራዥ ተከራየሁ፤
ወንበሩን ነቀልሁ፣ ምንጣፉን ገለበጥሁ፣ የበሩን ልብስ ገፈፍሁ፤
በጣቴ አንጓ፣ እንደ ሐብሐብ ገዥ፣ ብረቱን መታ መታ አደረግሁ፦
ባዶው «ጓ» ይላል፣ የታፈነው «ድብ»።
ጓ ባለበት ሁሉ በጠመኔ መስቀል ሠራሁ።

«ሁሉንም አትሸፍኚ» አለች ሄድቪግ፣ ሲጋራው ከከንፈሯ ሳይወርድ።
«ሲሶው ይበቃዋል፤ ከመሐል ከያዙት ጫፉ አይንቀጠቀጥም፤
የውሃውን ቀዳዳ እንዳትደፍኚ፣ የዛገ በር አይድንም።»

በሩ ሆድ ውስጥ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ዕቃ፤
የሺሊንግ ሳንቲም፣ የልጅ ማበጠሪያ፣ አንዲት ተርብ ደርቃ።

ጥቁሩን የሬንጅ ሉህ በሙቅ አየር አለሳልሼ ለጠፍሁ፣
በእንጨት መዳመጫ ዳመጥሁት
(ማዳመጫ ያልሁ መስሏችሁ ይሆናል፤ እሱ ገና ነው)፣
ጣሪያው ላይ ከሆቴል የተጣለ የሱፍ ብርድ ልብስ ወጠርሁ፣
የሞተሩን ክዳን ጎማ ቀየርሁ።
እሑድ ማታ፣ የገባውን ሁሉ በወረቀት ደመርሁ፦
ሃያ ሁለት ኪሎ።
ዝምታ ይህን ያህል ይመዝናል? ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሰኞ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ቁልፉን አዞርሁ።
ሞተሩ ከጎረቤት ግቢ የሚመጣ ማጉረምረም ሆነ።
ዝላትኮ እንደ ልማዱ ጮኾ «ደህና አደርሽ!» ብሎኝ ነበረ፤
ድምፁ ከመስታወቱ ተላትሞ ሲመለስበት አፈረ፤
እስከ ግላይናልም ዋሻ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገረ።

ዝናብ ጀመረ። የመጥረጊያው ጎማ ሲንሸራተት ሰማሁ።
ለካ ዝላትኮ ሲተነፍስ ያፏጫል፤ ስምንት ዓመት መስታወቷን አማሁ።

«መጋቢት ገባ» አለ ቀስ ብሎ፣ ውጭ ውጭውን እያየ።
«ዘንድሮም ያው ነው ልመናዬ።»
«የምን ልመና?»
«ኦሲየክ፣ ወንድሜ መቃብር፣ በዚህችው ቫን እንድታደርሺኝ ነዋ።
በየመጋቢቱ እጠይቅሻለሁ፤ ‹እሺ› ትይኛለሽ።
ሚያዝያ ሲያልፍ እተወዋለሁ። ሥራ አለሽ፣ ልጅ አለሽ።»

ስምንት መጋቢት። ስምንት እሺ።
የቱ ይሻለኛል? ቃሏን የበላች ሴት ብባል፣
ወይስ ስምንት ዓመት ከጎኑ ተቀምጣ ምንም ያልሰማች ብባል?

ማረፊያው ጋ ዳር ያዝሁ። ሞተሩን አጠፋሁ።
«ወንድምህ» አልሁት፣ «ስሙ ማን ነበር?»

ረጅም ጊዜ አየኝ።
ስምንቱም ዓመት አንድ በአንድ ፊቱ ላይ ሲያልፍ ታየኝ።
ከዚያ ሳቀ፤ በዓይኔ ብቻ የማውቀውን ሳቅ፤
ውስጡ ሳል አለበት ለካ፣ ጎርነን ያለ፣ የሚሰነጠቅ።
«ዳቮር» አለኝ። «ከመጀመሪያው ልጀምር?»

ሽላድሚንግ የደረስነው ቁርስ ካለፈ ወዲያ ነው።
የሆቴሉ ባለቤት ከደጅ ቆማ ጠበቀች፤
«ምነው ዘገያችሁ? መኪናችሁ ተበላሸች?»
«አዎ» አለ ዝላትኮ፣ ጆንያ ትከሻው ላይ አውጥቶ፣
«ዝም አለች።»